የግሪክ ሴት አማልክት ለተደባለቁባችሁ፦ «ምን ከለከለች?» ብላችሁ ጠይቁ

የግሪክ አፈ ታሪክ ማንበብ ስንጀምር ሁላችንም አንድ ስህተት እንሰራለን፣ እኔም ሰርቼዋለሁ። ደብተር አውጥተን አቴና የጥበብ፣ አፍሮዳይት የፍቅር፣ አርጤምስ የአደን፣ ዴሜትር የእህል እያልን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ እንሸመድዳለን። በሳምንቱ ግማሹ ይጠፋል። የቀረውም ቢሆን አያስተማምንም፣ ምክንያቱም ስፓርታ ስትደርሱ ያቺ የፍቅር የተባለችው አፍሮዳይት መሣሪያ ታጥቃ ታገኟታላችሁ፣ ጥበብ የተባለችው አቴና ደግሞ ጦርና ጋሻ ይዛ ቆማለች፣ በቃ ግራ ይገባችኋል።

ስለዚህ ሹመታቸውን ተዉት። በየአንዳንዷ ስም ስር ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ እንዴት ተወለደች፣ ከጋብቻ ጋር ምን አላት፣ እና ዋናው፣ ምን ከለከለች? ሦስተኛው ላይ ነው ሁሉም የሚገናኙት።

ከሦስተኛው ልጀምርላችሁና መጀመሪያ የዴሜትርን ታሪክ አንብቡ፣ በጥንቱ የግሪክ ገጣሚ በሆሜር ስም ከሚጠሩት የድሮ መዝሙሮች አንዱ ነው፣ ረጅም አይደለም፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ነገሩ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ጠለፋ ነው። የዴሜትር ልጅ ፐርሰፎኒ ከጓደኞቿ ጋር አበባ ስትለቅም መሬት ይከፈትና የሙታን ንጉሥ ሄዲስ በሰረገላው ይዟት ይሄዳል፣ አባትየው ዜውስ ቀድሞ ፈቅዷል፣ እናት ግን ምንም አልሰማችም። ዴሜትር ዘጠኝ ቀን ችቦ ይዛ፣ ሳትበላ ሳትታጠብ ስትፈልግ ቆይታ እውነቱን ከፀሐይ ትሰማለች። ከዛ አማልክቱን ትታ እንደ አሮጊት ሆና ኤሌውሲስ የምትባል ከተማ ትገባለች። እዛ ቤት ወይን ሲሰጧት እምቢ ብላ የገብስ ዱቄት በውሃ በጥብጡልኝ፣ ሚንት ነገር ጨምሩበት ትላለች (እኔ ይሄን ሳነብ በሶ ነው የታየኝ፣ ሌላ ምንም ሊታየኝ አልቻለም)።

ከዛ የምታደርገውን ልብ በሉ። አትዋጋም፣ መብረቅ የላትም። ቤተ መቅደሷ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፣ በቃ። ዘር መሬት ውስጥ ይቀራል፣ በሬ በከንቱ ያርሳል፣ ሰው በረሃብ ሊያልቅ ነው፣ ሰው ካለቀ ደግሞ ለአማልክቱ መሥዋዕት የሚያቀርብ የለም። ያኔ ዜውስ ይደነግጣል። መጀመሪያ መልእክተኛዋን አይሪስን ይልካል፣ እምቢ። ከዛ አማልክቱን በየተራ እንደ ሽማግሌ ስጦታ አስይዞ ይልካል፣ ልጄን ካላየሁ እምቢ። በመጨረሻ ልጅቷ ትመለሳለች፣ ግን ታች የሮማን ፍሬ አቅምሰዋት ስለነበር የዓመቱን ሲሶ እዛ፣ ሁለት ሦስተኛውን ከእናቷ ጋር እንድትኖር ይሆናል። ከአማልክት ሁሉ የበላይ የተባለው ዜውስ የተሸነፈው በኩርፊያ ነው።

አሁን ያንን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ሌሎቹ ሂዱ። አርጤምስ፦ ግሪኮች ወደ ትሮይ ሊዘምቱ አውሊስ ወደብ ላይ መርከባቸውን አሰልፈው ሳለ ነፋሱን ትከለክላቸዋለች፣ የጦሩ መሪ አጋሜምኖንም ልጁን ኢፊጌንያን እንዲሰዋ ይገደዳል (በአንዱ አተራረክ ልጅቷ ቢላው ስር ሳለች አርጤምስ በሚዳቋ ትተካታለች፣ ይስሐቅና በጉ ትዝ ካሏችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም)። ሄራ፦ ባሏ ዜውስ ሌቶን ሲያስረግዝ የምጥ አምላክ የሆነችውን ኤይሌይትያን ኦሊምፖስ ላይ ይዛ ታስቀራለች፣ ሌቶም ዘጠኝ ቀንና ሌሊት ታምጣለች። የሄራክልስ እናት ላይም ምጥ እያዘገየች ተመሳሳይ ነገር ሰርታለች። ሰው ሄራን ቀናተኛ ብሎ ያልፋታል፣ እኔ ግን ባሏን መንካት ስለማትችል በእጇ ያለውን በር ትዘጋለች ብዬ ነው የማነባት። በሴቶቹ ላይ መጨከኗን ግን አይቀንሰውም።

ጋብቻን በተመለከተ አጭር ነው። አፍሮዳይት የማታሸንፋቸው ሦስት ብቻ ናቸው፦ አቴና፣ አርጤምስ፣ ሄስቲያ። ሄስቲያ ማለት የምድጃ እሳት ናት፣ ፖሰይዶንና አፖሎ ሁለቱም ጠይቀዋት የዜውስን ራስ ይዛ ምላ ድንግል ሆና ቀረች። እዚህም የከለከለችው ራሷን ነው። አቴንስ ያለው ከ447 እስከ 432 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሰራው ፓርቴኖንም ስሙ የመጣው ድንግል ከሚለው ቃል ነው፣ ለአቴና።

አወላለዱ ላይ ደግሞ ከአያት ጀምራችሁ ውረዱ። ጋይያ (ምድር ማለት ናት) ልጆቿን ባሏ ኡራኖስ (ሰማይ) እንዳይወጡ ሆዷ ውስጥ ሲያፍንባት ለልጇ ክሮኖስ ማጭድ ትሰጠዋለች። ክሮኖስ በተራው ልጆቹን ሲውጥ ሚስቱ ሬያ ዜውስን ደብቃ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ታውጠዋለች። ዜውስ ከአባቱ ተምሮ ልጁን ሳይሆን እርጉዝ ሚስቱን ሜቲስን ራሷን ዋጣት፣ አቴና ከጭንቅላቱ ወጣች፣ እናት የሚከለክል ነገር እንኳን ሳይቀራት። አቴና ሁልጊዜ ለአባቷ የምታደላው ለምን እንደሆነ እዚህ ጋ ይገባችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው፣ ስም አንድ ሆኖ ሴትየዋ በየከተማው ትለያያለች። ሐዋርያት ሥራ 19 ላይ ሕዝቡ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ የሚጮህላት ያቺ ቀስት ይዛ ጫካ የምትሮጠው አይደለችም የምትመስለው፣ ሐውልቷ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ደረቷ በሙሉ በእንቁላል መሰል ነገር የተሸፈነ ነው። እዛው ምዕራፍ ላይ ሁከቱን ያስነሳው ብር ሠሪ ድሜጥሮስ ደግሞ ስሙ «የዴሜትር» ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብን የምናያይዝበት የእስክንድርያው ጳጳስ ድሜጥሮስም ስሙ ያው ነው።

ሁለተኛው፣ የሮማውያኑን አተራረክ በሌላ ቀለም ጻፉ። ሜዱሳን አቴና ናት ጭራቅ ያደረገቻት የሚለው ኢንተርኔቱን የሞላው ታሪክ የሮማዊው ገጣሚ የኦቪድ ነው፣ ከሱ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ የኖረው የግሪኩ ገጣሚ ሔሲዮድ ዘንድ ሜዱሳ ስትወለድም ጎርጎን፣ ማለትም ጭራቅ ናት። ይሄን ካልለያችሁ አቴና በማታውቀው ወንጀል ትከሰሳለች።

ለመለማመጃ የንጋት አምላኳን ኢዮስን ውሰዱ። ጥያቄዎቹ እሷ ላይ ይገለበጣሉ፣ ምንም መከልከል የማትችል ናት። ለምትወደው ቲቶኖስ ዜውስን የማይሞት አድርግልኝ ብላ ለመነች፣ ወጣትነቱን መለመን ግን ረሳች፣ ሰውየው እያረጀ እያረጀ ቀረ። ግሪኮች የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የሚሉት ልጇ ሜምኖን (የነሱ ኢትዮጵያ ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁሮች አገር በጅምላ ነው) ትሮይ ላይ በአኪለስ ተገደለ። የጠዋት ጤዛ የሷ እንባ ነው የሚለውን በጣም እወደዋለሁ፣ ግን እሱም የኦቪድ ነው፣ በሌላ ቀለም ጻፉት።