የቆየ የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር እንዴት ይጸዳል?

በጎጃም ክረምት ሲገባ የገጠሩ መንገድ ስለሚጨቀይ ብዙ ሞተር ሳይክሎች እስከ መስከረም ድረስ ቆመው ይከርማሉ። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እየተነነ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል፤ ይህም ዝቃጭ አስቀድሞ የሚደፍነው፣ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ ነዳጅ የሚያቀብለውን ትንሹን ጄት (ቀጭን ቀዳዳ ያለው የነሐስ ብሎን) ነው። ሞተሩ በቾክ ብቻ ተነሥቶ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ፣ አዲስ ካርቡሬተር ከመግዛትዎ በፊት ይህንን ጄት ይመርምሩ።

ሥራውን ከእሳት ርቀው፣ አየር በሚገባበት ቦታ ያከናውኑ። የነዳጁን መዝጊያ ዘግተው በውስጡ የቀረውን ቤንዚን በዕቃ ይቀበሉና ካርቡሬተሩን ያውርዱ። የብሎኖቹ ራስ በቀላሉ ስለሚበላ ልክ የሚገጥም ካቻቪቴ ይምረጡ። የድብልቅ ማስተካከያውን ብሎን ከማውጣትዎ በፊት እስኪቆም ድረስ በቀስታ ያጥብቁትና ስንት ዙር እንደዞረ ይጻፉ፤ ሲገጥሙት በዚያው ልክ ይመልሱታል።

ጎማዎቹንና የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ ለይተው ካስቀመጡ በኋላ፣ የብረቱን አካልና ጄቶቹን በካርቡሬተር ማጽጃ ይንከሩ። የጄቱን ቀዳዳ በመርፌ ወይም በፍሬን ሽቦ መጎርጎር ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው፤ ነሐስ ለስላሳ በመሆኑ ቀዳዳው ጥቂት እንኳ ቢሰፋ ሞተሩ ከዚያ ወዲያ ቤንዚን ያባክናል። የዓሣ መረብ የሚሠራበት ቀጭን የናይለን ክር ግን አይጎዳውም። ከዚያም ዓይንዎን በመነጽር ጋርደው፣ ጎሚስታ ቤት በሚገኝ ኮምፕሬሰር ቀዳዳዎቹን ሁሉ ያስነፉ። ጄቱን ወደ ፀሐይ ይዘው ሲያዩት ብርሃኑ ጥርት ያለ ክብ ሆኖ ካልታየ፣ ማጽዳቱን ይድገሙት።

ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ ቤንዚን ከተንቦጫረቀበት ተበስቷልና ይቀየር። ነዳጅ የሚዘጋው መርፌ ጫፉ ላይ ቀለበት ካበጀም እንዲሁ ይቀየር፤ አለዚያ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያፈስሳል። የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን መልሶ መግጠም አይገባም።

ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን በሚገባ አሙቀው የድብልቁን ብሎን በሩብ ዙር እያዞሩ ያስተካክሉ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተመጠነ ጄት በዚያ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ደረቅ ጥላሸት ከለበሰና የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ፣ ዋናውን ጄት በአንድ ቁጥር ማሳነስ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ አዘውትሮ የሚወርድ ሰው ከዚያ በላይ ሊያሳንሰው አይገባም፤ ቆላ ሲደርስ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።