ፋውል ነው፣ አይደለም? ፑል ቤት የሚያጨቃጭቁ ምቶችና መፍትሄያቸው

ጎንደር ፒያሳም ሂዱ፣ ማራኪ በኩል ተማሪ የሚያዘወትረው ፑል ቤትም ግቡ፣ ጭቅጭቁ አንድ ነው። «ፋውል ነው!» «ኧረ አይደለም!» የተሸነፈው ሂሳብ ስለሚከፍል ማንም በቀላሉ አይለቅም። እኔ የምለው ግን፣ አብዛኛውን ክርክር ኳሷ ራሷ ትፈታዋለች። ከተመታች በኋላ ወዴት ሄደች? በምን ፍጥነት? እሱን ያየ ሰው መጮህ አያስፈልገውም። እዚህ የምጽፈው በዓለም አቀፉ ደንብ ነው። ቤቱ የራሱ ሕግ ካለው ጨዋታው ሳይጀመር ጠይቁ።

ችግር፦ ነጯ ከመታቻት ኳስ ጋር አብራ ወደፊት ሮጠች

ከሁሉም በላይ የሚያጣላው ይሄ ነው። ነጯ፣ ማለትም በስቴካው (በመምቻው ዱላ) የምትመታዋ ኳስ፣ እና እሷ የምትመታት ሌላዋ ኳስ ተጠጋግተዋል፣ በመሃላቸው ጣት አይገባም። መቺው ቀጥ አድርጎ በኃይል ይለቀዋል። ሁለቱም ተከታትለው ይበራሉ።

ምክንያቱ፣ ስቴካው ነጯን ሁለቴ ስለነካት ነው። የኳሶቹ ክብደት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነጯ ሌላዋን ፊት ለፊት ስትመታ ጉልበቷን አስረክባ ቀጥ ትላለች። ስቴካው ግን ገና እየመጣ ነው፣ እዚያው እንደቆመች ይደርስባትና ደግሞ ይገፋታል። ፋውል ነው።

ሁለተኛውን ንክኪ በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ግን አትመኑ። የስቴካው ጫፍ ኳሷ ላይ የሚቆየው የሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ነው። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ እንኳ በሁለት ምስሎች መሃል አራት ሺኛ ሰከንድ ያመልጠዋል። መታየት ያለበት የነጯ አካሄድ ነው። ወዲያውኑ፣ ከሌላዋ ጋር በተቀራረበ ፍጥነት ከሄደች ሁለቴ ተመትታለች። ለአፍታ ቆም ብላ ከዚያ እየተንከባለለች ቀስ በቀስ ከተከተለች ግን ከወገቧ በላይ ስለተመታች ሽክርክሪቷ ወስዷት ነው፣ ንጹህ ምት ሊሆን ይችላል። በተለይ በመሃል አንድ ኳስ የሚያህል፣ ማለትም ወደ 57 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከነበረ ይሄ የተለመደ ነው።

መፍትሄው፦ ቀጥ አድርጋችሁ አትምቱ። ሌላዋን በስሱ ጫር አድርጋ እንድታልፍ በጎን ምቷት፣ ነጯ ከስቴካው መንገድ ትወጣለች። ወይም ስቴካውን ከኋላ ከፍ አድርጉና አጭር ምት ስጧት፣ እጃችሁ አይከተል። ብዙ ልጆች ስቴካውን ከፍ ካደረግኩ ፋውል የለም ይላሉ፤ ልክ አይደለም፣ ሁለቴ ከነካ ያው ፋውል ነው።

ተጣብቀው ከሆነስ? ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። ነጯ መምታት ከሚፈቀድላችሁ ኳስ ጋር ተነካክታ ከሆነ ወደዚያችው መምታት ይቻላል፣ አብረው ቢሄዱም ችግር የለም። ከመጀመሪያው አብረው ስለሚነሱ ነጯ ቆማ ስቴካውን የምትጠብቅበት ጊዜ የለም። የጸጉር ያህል ክፍተት ካለ ግን ከላይ ያልነው ይሠራል። ስለዚህ ሳትመቱ በፊት ሁለታችሁም ጎንበስ ብላችሁ እዩና «ተጣብቃለች» ወይም «አልተጣበቀችም» ተባባሉ። ስኑከር (ሌላውን የጠረጴዛ ኳስ ጨዋታ) የለመደ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ንገሩት፣ እዚያ የተጣበቀችውን ሳያንቀሳቅሱ መሸሽ ነው ሕጉ፣ እዚህ አይደለም።

ችግር፦ የኔን ቀድማ መታች፣ የለም የኔን

የሁለታችሁ ኳሶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ቆመዋል፣ ነጯ መሃላቸው ገባች። ፍጥነታቸውን እዩ። ቀድማ የተመታችው የሌላዋን እጥፍ ያህል ፈጥና ትሄዳለች፣ ምክንያቱም ነጯ ሁለተኛዋ ጋ የምትደርሰው ጉልበቷን ከፍላ ነው። እኩል ከሄዱ እኩል ተመትተዋል። ኳሶቹ ተራርቀው ከነበረ ግን ይሄ መለኪያ አይሠራም፣ የምቱ አቅጣጫ ይለውጠዋል። መለየት ካልተቻለ ደንቡ ለመቺው ያደላል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ምቱ የሚያጠራጥር መሆኑ አስቀድሞ ያስታውቃል፣ እንግዲያው ከመመታቱ በፊት ተራ የሚጠብቅ ሰው ጠርታችሁ በጎን በኩል አቁሙት። ከተመታ በኋላ ምስክር መፈለግ ጠብ ነው የሚያመጣው።

ችግር፦ የራሴን ኳስ መትቼ ፋውል አሉኝ

እዚህ ብዙ ጀማሪ ይናደዳል። ኳሳችሁን መምታት ብቻውን አይበቃም። ከተነካካ በኋላ ወይ አንድ ኳስ መግባት አለበት፣ ወይ ነጯም ሆነች ሌላ ኳስ ጠርዝ መንካት አለባት። ኳሳችሁ ቀድሞውኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፋ ከነበረች ያንኑ ጠርዝ ታክካ መሄዷ አይቆጠርም፣ ለቅቃው ተመልሳ መምታት ወይም ሌላ ጠርዝ መድረስ አለባት። ሲሆን ነጯን ራሷን ወደ ጠርዝ የምትወስድ ምት ምረጡ፣ በቀስታ ነክቶ ማስቀረት ነው ሰውን የሚያስበላው።

ችግር፦ ነጯ ዘላ አለፈች

ከላይ ወደታች ተመትታ ከጨርቁ ነጥራ ከሆነ ትክክል ነው። ስቴካው ከሥሯ ገብቶ እንደ ማንኪያ ካነሳት ፋውል ነው። ከምቱ በፊት የስቴካውን ጀርባ እዩ፦ ከፍ ብሎ ከነበረ ወደታች ነው የመታው፣ ዝቅ ብሎ ተኝቶ ከነበረና ኳሷ ከዘለለች ከሥር ነው ያነሳት። ጨርቅ ይቀደዳል ብለው ዝላይን ጭራሽ የሚከለክሉ ቤቶችም አሉ፣ እዚያ ባለቤቱ ያለው ነው የሚጸናው።

ፋውል ከሆነስ በኋላ? በዓለም አቀፉ ደንብ ተጋጣሚው ነጯን በእጁ አንስቶ የፈለገበት ቦታ ያስቀምጣል። ሁለት ምት የሚሰጥ ቤትም አለ፣ እሱንም ኳስ ሳትበትኑ ተስማሙበት።