የዓሣ ቅሪተ አካል ከድንጋይ ስታወጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቁልቁለቱን ያስታውሳል እንጂ ድንጋዩን ብዙም ልብ አይለውም። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፣ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከሱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶ ያለበት ንብርብር፣ ከታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ የባህር ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ዛሬ ጎጃም የምንለው ምድር ባህር ነበር፤ ዛጎሉ ዛሬም ድንጋዩ ውስጥ አለ። በአባይ ተፋሰስ ደግሞ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ካለው የጭቃ ድንጋይ የዓሣ ቅሪት፣ የኤሊና የአዞ፣ የዳይኖሰር ጥርስም ተገኝቷል።

እንግዲህ አንድ ቀን ድንጋይ ሲፈለጥ ወይ መንገድ ሲቆረጥ ሙሉ ዓሣ ከነጅራቱ ብቅ ቢል፣ ያገኘው ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ማጽዳት ነው። ብዙው ጉዳት የሚደርሰውም እዚያው ላይ ነው። የዓሣ አጥንት ቀጭን ነው፣ ስንት ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ተጭኖታል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ይዞ ያቆየውም ድንጋዩ ራሱ ነው። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ነገ ልትመልሱት የማትችሉትን ዛሬ አታድርጉ። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች በሙሉ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ሳያሳውቁ መንካት

ይሄ ከሁሉም ይቀድማል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ፈልጎ መቆፈር ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ ተናገሩ። እስከዚያው ፎቶ አንሱት፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ቦታውን በስልካችሁ ጂፒኤስ ያዙ፣ ከፀሐይና ከዝናብ ከልሉት። በቃ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሥራውን በፈቃድ ለሚሠሩ ነው፤ ለጂኦሎጂ ተማሪዎች፣ ለሙዚየም ሠራተኞች፣ ከባለሙያ ሥር ሆነው ለሚለማመዱ። እጁን ማፍታታት የፈለገ ሰው ምንም የሌለበት የጭቃ ድንጋይ ይያዝ፣ በእርሳስ መስመር ያስምርበት፣ መስመሩን ሳይነካ ዙሪያውን ለመላጥ ይሞክር። ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከባድ ነው።

ውሃ ውስጥ መንከር

አቧራ የያዘውን ሁሉ ማጠብ ለምዶብናል። የጭቃ ድንጋይ ግን ሸክላ የበዛበት ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ከዚያ በንብርብሩ ልክ እየተላጠ ይረግፋል፤ ዓሣው ደግሞ የተኛው ልክ በንብርብሮቹ መሀል ነው። አቧራውን ለማንሳት ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይበቃል። የጥርስ ብሩሽ ይጭራል፣ ተዉት።

ከመሬት እርጥብ ሆኖ የወጣውንም ፀሐይ ላይ አታስጡት። ትንንሽ ቀዳዳ ባለው ላስቲክ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጀርመን አገር ሜሰል በሚባለው ቦታ የሚወጣው ድንጋይ 40 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና ዓሣውን ይዞት ይበተናል። ስለዚህ እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ድንጋዩ ገና እርጥብ እያለ ዓሣውን ወደ ሰው ሠራሽ ሙጫ ያዛውሩታል።

ከላይ በሚመጣ መብራት መሥራት

አምፖሉ አናታችሁ ላይ ከሆነ ድንጋዩም አጥንቱም አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ነገር ይመስላል። መብራቱን ወደ ጎን አውርዱት፣ ከጠረጴዛው ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል። ያኔ እያንዳንዷ ጉብታ ጥላ ትጥላለች። አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ግሪን ሪቨር በሚባለው 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ድንጋይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ዓሣውን የሚለዩት ገና በድንጋይ ተሸፍኖ እያለ ነው፤ ዝቅ ብሎ በሚመጣ ብርሃን የጀርባ አጥንቱ እንደ ስስ ጉብታ ብቅ ይላል። ማጉያ መነጽርም ግድ ነው፣ ማይክሮስኮፕ ከተገኘ እሰየው።

ጉልበት መጠቀምና አቅጣጫ መሳት

መዶሻና መሮ የሚያስፈልጉት ከዓሣው ርቆ ያለውን ትርፍ ድንጋይ ለመቀነስ ብቻ ነው፣ ያውም ድንጋዩ አሸዋ በሞላበት የጨርቅ ከረጢት ላይ በደንብ ተደላድሎ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከመታችሁት ንዝረቱ ሄዶ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል፣ ደካማው ቦታ ደግሞ ዓሣው ያለበት ነው። ሲጠጉ መርፌ ነው የሚሠራው። ስፌት የሚሰፋበት ወስፌ ወፍራም ነው፣ ያልሆነ ጉልበትም ይሰጣችኋል። በጥሩ እጀታ ላይ የታሰረ ስለታም የብረት መርፌ ያዙ፣ ቶሎ ቶሎ ሳሉት።

መርፌውን ወደ አጥንቱ አትጫኑ። ከሚታየው አጥንት ጀምራችሁ ወደ ውጭ፣ ከዓሣው ገጽ ጋር ጎን ለጎን ሂዱ። ድንጋዩ እንደ ጨው ቅንጣት እየሆነ ይነሳ እንጂ በቁራጭ አይገንጠል። አጥንት ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል፦ ድንጋዩ ፈዛዛና ሻካራ ነበር፣ አጥንቱ ቡናማና ለስለስ ያለ ይሆናል፣ የመርፌው ድምፅም ይቀየራል። ያኔ እጃችሁን ሰብስቡ።

ክንፉንና ጅራቱን ለብቻ እዩት። በማጉያ ስታዩት ጨረሮቹ ከክር የቀጠኑ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጨረር በትንንሽ አንጓ የተቀጣጠለ ነው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ለሁለት ለሦስት ይከፈላል። ጨረሩን በርዝመቱ ተከትላችሁ ከሄዳችሁ መርፌው ይንሸራተታል። በአግድም ከመጣችሁ ግን አንዱን አንጓ ይነቅለዋል፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ልብ ሳትሉት የጅራቱ ግማሽ አቧራ ሆኖ ብሩሻችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከሱቅ የተገዛ ማጣበቂያ

ስንጥቅ ሲያዩ ሱፐር ግሉ የሚያፈሱ አሉ። ኮላ የሚቀቡም፣ እንዲያብረቀርቅ ብለው ቫርኒሽ የሚደርቡም አሉ። ሱፐር ግሉ አንዴ ከገባ በኋላ አጥንት ሳይጎዱ ማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው፤ ቫርኒሹ እያደር ቢጫ ይሆናል፤ ኮላውም ከውስጥ ድንጋዩን ይዞ ይቀራል። የሙዚየም ባለሙያዎች የሚመርጡት ፓራሎይድ ቢ 72 የሚባል ሙጫ ነው። በአሴቶን ይሟሟል፣ ከዓመታት በኋላም በዚያው በአሴቶን ይለቃል። ለማጠንከር ከሆነ ቀጭን ይሁን፦ 100 ሚሊ ሊትር አሴቶን ላይ 5 ግራም ገደማ፣ በቀጭን ብሩሽ ጠብ ጠብ እያለ። ለመለጠፍ ከሆነ ወፍራም ይደረጋል።

ሁለት ነገር አትርሱ። አቧራ ላይ ከቀባችሁት አቧራውን አጥንቱ ላይ ለጠፋችሁት ማለት ነው። እርጥበት ያለው ድንጋይ ላይ ከቀባችሁት ደግሞ ነጭ ሆኖ ይጋግራል፣ ስለዚህ በክረምት በተለይ ድንጋዩ መድረቁን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። አሴቶን ተቀጣጣይ ነው፤ ከሰል ወይ ሻማ ባለበት ክፍል አይከፈትም፣ መስኮት ይከፈት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም አይተካውም፣ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ብዙ ነው።

አቼቶ

ድንጋዩን በአቼቶ አሟሙት የሚል ምክር የሰጣችሁን ሰው አትስሙት። አቼቶ አሲድ ነው፣ አሲድ ደግሞ የኖራ ድንጋይን ያሟሟል፣ እውነት ነው፤ ግን ያልተጠበቀውን አጥንትም አብሮ ይበላል፣ በጭቃ ድንጋይ ላይ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ፋይዳ የለውም። ላቦራቶሪ ውስጥ በአሲድ ይሠራል። በ1950 እ.ኤ.አ. ቱምስና ሪክሰን የተባሉ የብሪታንያ ባለሙያዎች የዓሣውን የታየ ወገን ግልጽ ሙጫ ውስጥ ቀብረው፣ ከጀርባ በኩል ድንጋዩን በአሲድ የሚያስወግዱበትን ዘዴ አሳትመዋል። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን አሲዱ ይመጠናል፣ በየመሀሉ ለረጅም ጊዜ በውሃ ይታጠባል፣ አጥንቱ በሙጫ እየተጠበቀ ነው የሚሄደው። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

አለመቆም

የራስ ቅሉ ላይ ያሉት ስስ አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተሰባብረዋል። እዚያ ላይ ትንሽ ድንጋይ ቢቀር ምንም አይደለም፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው ይጨርሰዋል። የጎደለውን አጥንት በቀለም መሳል ግን ማታለል ነው። ዓሣው ሊቆንጅ ይችላል፣ ለጥናት ግን ገደል ገባ።

ፍርፋሪውን መጣል

ድንጋዩ ለሁለት ሲከፈል ዓሣው ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው። ሁለቱንም ያዙ። የረገፈች ቅርፊት ብትኖር በትንሽ ብልቃጥ፣ ከየት በኩል እንደወደቀች ተጽፎባት። በሥራው መሀል ፎቶ አንሱ፣ የተጠቀማችሁትን ሙጫና ቀኑን መዝግቡ። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነውና ማስክ አድርጉ። በመጨረሻ ዓሣው በስፖንጅ በተደላደለ ሳጥን ይግባ፤ ወረቀቱም አብሮት ይቀመጥ፦ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ንብርብር፣ ማን አገኘው፣ መቼ። ቁጥሩን ድንጋዩ ላይም ጻፉት፣ ወረቀት ይጠፋል።