የሊቁን መጻሕፍት ስለ መመዝገብ

በጎንደር አንድ የቅኔ ወይም የአቋቋም (ከዜማ ጋር የሚሄድ የማኅሌት ሥርዓት) መምህር ሲያርፉ ከቤታቸው የሚቀረው ክምችት ብዙ ጊዜ ብራናና ኅትመት፣ የእጅ ጽሑፍ ደብተርና የፎቶ ኮፒ ጥራዝ የተደባለቀበት ነው። ስለዚህ አንድም መጽሐፍ ከቦታው ሳይነሣ እያንዳንዱን መደርደሪያ፣ ሣጥንና ከግድግዳ የተሰቀለ ማኅደር (የብራና መጽሐፍ የቆዳ ማስቀመጫ) እንዳለ ፎቶ ማንሣት፣ ከዚያም ለመደርደሪያው ፊደል፣ ለመጽሐፉ ተራ ቁጥር ሰጥቶ በመዝገብ ማስፈር ይገባል፤ መምህሩ ድጓውን (የዜማውን መጽሐፍ) ከየትኛው ደብተር ጎን እንዳኖሩት ራሱ የአስተማሪነታቸው ምስክር ነውና። በመጽሐፍ መካከል የተገኘ ቁራጭ ወረቀትም የገጹ ቁጥር ተጽፎለት እዚያው ይቆይ። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች ለጥንቃቄ ብዬ በአንድ ፖስታ ሰበሰብኋቸው፤ የትኛው የየትኛው ቅኔ ማብራሪያ እንደ ነበረ ከዚያ ወዲህ የሚያውቅ አልተገኘም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በታተሙት መጻሕፍት ምዝገባ የደራሲው ስም ይቀድማል፣ የአባቱ ስም ይከተላል። «አለቃ»፣ «መሪጌታ» የመሰለ ማዕርግ ከስሙ በኋላ ይጻፍ እንጂ የፊደል ተራ አይያዝበት፤ እንደ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያለ ጥምር ስምም ሳይነጣጠል በ«ኪ» ይግባ፣ «ወልድ» የአባት ስም እንዳይመስል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ ስለ ሆኑ፣ ርእሱ በሽፋኑ ላይ እንዳለ ከተገለበጠ በኋላ በአንድ ወጥ ፊደል የሚጻፍ የመፈለጊያ ዓምድ ይጨመርለት።

ብራናው የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። የገበታው (የሽፋኑ እንጨት) ቁመትና ወርድ በሚሊ ሜትር፣ የጥራዙ (አብረው ታጥፈው የተሰፉ ቅጠሎች) እና የቅጠሉ ብዛት፣ በገጽ ያለው የዓምድና የመስመር ቁጥር ይመዝገብ፤ የቅጠል ቁጥር መጻፍ ግድ ከሆነም በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይሁን። ከሁሉ በላይ ኅዳጉ (የገጹ ዳር) እና ባዶ የነበሩት ቅጠሎች ይነበቡ፤ የጎንደር ዘመን ሰዎች የርስት ሽያጭንና ስጦታን ከነምስክሮቹ በመጻሕፍት ላይ ያሰፍሩ ነበርና፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ታሪክ እዚያ ሊኖር ይችላል። ዘመኑ በዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው፣ ሲሰጥ 5500 ይቀነስለታል፤ 7240 ተብሎ የተጻፈው 1740 ዓ.ም. ነው፣ ይኸውም የዳግማዊ ኢያሱ ዘመን። ዓመቱ የተሰየመበት ወንጌላዊ ከተጠቀሰ ደግሞ ማረጋገጫ ይሆናል፦ ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ለ7240 «ዘመነ ማርቆስ» የሚል ቢገኝ ጸሓፊው ወይም አንባቢው አንድ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሳይታረም ጥርጣሬው ከጎኑ ይጻፍ።

መደርደሪያው ከድንጋይ ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፣ የታችኛው ረድፍም ከወለል ከፍ ይበል፤ የጎንደር ክረምት እርጥበቱን በግድግዳ በኩል ያስገባል። የተቀደደ ቅጠል በፕላስተር አይለጠፍ፤ ማኅደር ያለው ብራና በማኅደሩ ይኑር።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ወራሾች ስለ ብራናዎቹ ለከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለባቸው። መዝገቡ ሲያልቅ አንዱ ቅጂ በቤተሰቡ፣ አንዱ መምህሩ ባገለገሉበት ደብር፣ ሦስተኛው ከፎቶዎቹ ጋር ከመጻሕፍቱ በተለየ ቤት ይቀመጥ።