ከርባል ስፔስ ፕሮግራም፦ ሮኬታችሁ ለምን ይገለበጣል? ለምንስ ተመልሶ ይወድቃል?

ሮኬት ገጣጥማችሁ ወደ ጠፈር በምታመጥቁበት በዚህ የኮምፒውተር ጨዋታ ሮኬት አልሄድ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ሞተር ይጨምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ሚዛን ነው፤ ካልሆነም አነዳዱ። አንድም ክፍል ከመቀጠላችሁ በፊት ምልክቱን እዩ።

ምልክት፦ እሳት ይተፋል፣ ግን አይነሳም።

የሞተሩ ግፊት ከሮኬቱ ክብደት አንሷል። የሁለቱ ንጽጽር ከ1 በታች ከሆነ ሮኬቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ከ1.3 እስከ 1.5 ለመነሻ ይበቃል። መጀመሪያ ጭነት ቀንሱ።

ምልክት፦ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጥቶ ይገለበጣል።

ጀማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይሄ ነው። ምክንያቱ አየሩ ከጅራቱ ይልቅ አፍንጫውን አጥብቆ መያዙ ነው። በመገጣጠሚያው አዳራሽ የክብደት ማዕከሉንና የክንፍ ኃይል ማዕከሉን አብሩ፤ ሰማያዊው ኳስ (የክንፍ ኃይሉ) ከቢጫው (ከክብደቱ) በታች መሆን አለበት። ካልሆነ ከግርጌ ክንፎች ግጠሙ። ሰማያዊው ኳስ በዋናነት የሚቆጥረው ክንፎችን ስለሆነ፣ አናቱ ላይ ሰፊ ጭነት ካለ ኳሱ ቦታውን ይዞም ሮኬቱ ሊገለበጥ ይችላል። ያን ጊዜ ጭነቱን በሹል ሽፋን ሸፍኑት።

ግንባታው ደህና ሆኖም ከተገለበጠ አነዳዱን አስተካክሉ። ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ሲደርስ ጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ አዘንብሉ፤ የምትነሱበት ፕላኔት የከርቢን ሽክርክሪት በሰከንድ 175 ሜትር ያህል በነጻ ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ አፍንጫው ናቭቦሉ (አቅጣጫ የሚያሳየው ኳስ) ላይ ካለው የጉዞ አቅጣጫ ምልክት እንዳይርቅ ተጠንቀቁ። 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ 45 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ጥሩ ነው።

ምልክት፦ ጠፈር ደርሶ ተመልሶ ይወድቃል።

ቀጥ ብሎ ስለወጣ ነው። የከርቢን አየር 70 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል፤ ምህዋር ላይ የሚያቆየው ግን የጎን ፍጥነት ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ 2,280 ሜትር ገደማ። አፖአፕሲሱ (የመንገዳችሁ ከፍተኛ ነጥብ) 80 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩን አጥፉ። እዚያ ልትደርሱ ጥቂት ሲቀራችሁ ወደ አድማሱ አዙራችሁ እንደገና ለኩሱ፤ ፔሪአፕሲሱ (ዝቅተኛው ነጥብ) ከ70 ሲያልፍ ምህዋር ገባችሁ።

ምልክት፦ ፓራሹቱ ይበጠሳል።

ፍጥነቱ ሳይበርድ ተከፍቷል። ክፍሉን ተጭናችሁ መክፈት ያሰጋ እንደሆነ አንብቡ፣ አየሩ እስኪያቀዘቅዘው ታገሱ።

ምልክት፦ ከፊቴ ያለውን የጠፈር ጣቢያ ለመያዝ በፈጠንኩ ቁጥር ይርቀኛል።

በእኔ እይታ የጨዋታው ትልቁ ደስታ ያለው እዚህ ነው። ወደ ፊት ስትገፉ ምህዋራችሁ ከፍ ይላል፣ አንድ ዙር መጨረስም የበለጠ ጊዜ ይፈጅባችኋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ትቀራላችሁ። ኋላ ከሆናችሁ ጥቂት ፍጥነት ቀንሱ፤ ዝቅ ያለው ምህዋር አጭር ስለሆነ ትደርሱበታላችሁ። ፔሪአፕሲሱ ግን ከ70 እንዳይወርድ። በጣም ስትቀርቡ ናቭቦሉን ወደ ዒላማ ቀይሩት፣ የተቃራኒ አቅጣጫውን ምልክት ይዛችሁ የእርስ በርስ ፍጥነቱን ዜሮ አድርጉ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ጣቢያው ግፉ።