ትንሽ ስፒድ ኮንትሮለር ለአሮጌ የሪሞት ቡጊ፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ ቡጊ (ኮረኮንች ላይ የሚነዳ የሪሞት መኪና) ፍሮግ፣ በ1984 የተከተሉት ግራስሆፐርና ሆርኔት ዛሬም መነዳት ይችላሉ። ፕላስቲካቸው ጠንካራ ነው። አሠራራቸው ቀላል ነው። ለመፍታት ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ትዕግሥት ይበቃል። ቀድሞ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ የፍጥነት መቆጣጠሪያቸው ነው። እሱን በትንሽ ኤሌክትሮኒክ ስፒድ ኮንትሮለር ስትቀይሩት መኪናው እንደ አዲስ ይነሳል።

ጣጣው የሚመጣው ምርጫው ላይ ነው። ሰው «ብቻ ይግባልኝ» ብሎ ትንሹን ይገዛል። ሲሞቅ ወይም ሲቆራረጥ «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ይላል። እኔ የማምነው ሌላ ነው፤ ኮንትሮለሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጣው በሌላ ክፍል ጥፋት ነው። በተለይ ዕቃው ከውጭ በሰው በሚመጣበት እንደ ባሕር ዳር ባለ ከተማ፣ የተሳሳተ ግዢ የወራት ጥበቃ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን እዩ፤ ከዚያ እዘዙ።

መኪናው ለስላሳ አይነሳም፤ ነጩ ሴራሚክ ይፋጃል

ይሄ የድሮው ሜካኒካል መቆጣጠሪያ ነው። አንድ ሰርቮ (ሪሞቱን ሰምቶ ክንድ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) ክንዱን እየገፋ በመዳብ ኮንታክቶች ላይ ያንሸራትታል። በዝግታ ስትነዱ የባትሪው ኃይል በከፊል ሬዚስተሩ (ነጩ ሴራሚክ) ውስጥ ያልፋል፤ እዚያም ወደ ሙቀት ይቀየራል። ስለዚህ ሴራሚኩ መሞቁ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ተፈጥሮው ነው።

ብልሽት የሚባለው ኮንታክቱ ሲጠቁርና ክንዱ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሲጣበቅ ነው። ሽምብጥ አካባቢ ሐይቁ ዳር ስትነዱ እንዲህ ከሆነ መኪናችሁ ጣና ገባ ማለት ነው። ኮንታክቶቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ የክንዱን ብሎን አጥብቁ። ከዚህ በኋላም ከተጣበቀ ይቀየር። ስትቀይሩት ሰርቮው፣ ክንዱና ሬዚስተሩ አብረው ይወጣሉ፤ ጥሩ ቦታም ይለቃሉ። አደራ፣ አትጣሏቸው። በላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ነገ መኪናውን እንደ መጀመሪያው ማድረግ የሚፈልግ ልጅ ወይም ገዢ ይመጣል።

አዲሱ ኮንትሮለር ቦታው ላይ አይገባም

የሚለካው የሳጥኑ ስፋት ብቻ አይደለም። ወፍራም ሽቦ ወዲያው አይታጠፍም፤ የመታጠፊያ ቦታ ይፈልጋል። ከማቀዝቀዣው ብረት በላይም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ያስፈልጋል። ለግምት ያህል፣ በብዛት የሚታወቀው የሆቢዊንግ ኩዊክራን 1060 ወደ 36 በ32 ሚሊሜትር ነው፤ ቁመቱ 18 ገደማ። በዚህ መጠን ካርቶን ቆርጣችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡና ክዳኑን ግጠሙ። ከገባ፣ ከዚያ በታች ትንሽ መፈለግ አያስፈልጋችሁም።

ከዚህ በጣም የሚያንሱት አብዛኞቹ ለትናንሽ መኪኖች የተሠሩ ናቸው። እዚህ ላይ ሞተራችሁን በማስመሪያ ለኩ። ዲያሜትሩ ወደ 28 ሚሊሜትር ከሆነ 380 ነው፤ ግራስሆፐር መጀመሪያ የወጣው በዚህ ሞተር ነው። ወደ 36 ከሆነ 540 ነው። ለ380 አነስተኛ ኮንትሮለር ሊበቃ ይችላል። ለ540 ግን ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ አቅም አትቀንሱ። የሰው እጅ የዞረ መኪና ላይ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በሞዴሉ ስም አትተማመኑ።

ከኮንትሮለሩ ሦስት ወፍራም የሞተር ሽቦ ከወጣ፣ የተሠራው ካርቦን ለሌለው ሞተር ነው። የእናንተ አሮጌ ሞተር ሁለት ሽቦ ነው ያለው። እንደ ታሚያ ቲቢኤልኢ-02ኤስ ለሁለቱም የሚሠራ አለ፤ መመሪያው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን አይሠራም ብላችሁ ተነሱ።

ይሞቃል፣ ዳገት ላይ ይቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል

ይሄ ራሱን እየተከላከለ ነው። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ኮንትሮለሩ ኃይል ይቆርጣል። ወደ ቤዛዊት የሚወጣውን ዳገት ስታስወጡት ይበልጥ ይታያል። ምክንያቱ ግን ከአንድ በላይ ነው፤ በቅደም ተከተል መፈተሽ አለበት።

መጀመሪያ ኮንትሮለሩን ትታችሁ የኋላ ጎማዎቹን በእጅ አዙሩ። ይከብዳሉ? ይንጫጫሉ? የአርባ ዓመት ግራሶ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ብዙዎቹ የድሮ ቡጊዎች ከፋብሪካ የወጡት በፕላስቲክ ቡሽ እንጂ በኩሽኔታ አይደለም። ቡሹ ውስጥ አቧራ ሲገባ አክሱሉን ይይዛል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ኮንትሮለሩ ይሞቃል። የጥርሱን ቤት ክፈቱ፣ አሮጌውን ግራሶ ጥረጉ፣ ስስ አድርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ኩሽኔታ ማስገባት ከተቻለ ደግሞ ለዚህ መኪና ከሚወጣው ብር ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። በብዛት የሚገባው 5 ሚሊሜትር ውስጥ፣ 11 ሚሊሜትር ውጭ፣ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነው። ያም ሆኖ የራሳችሁን ለክታችሁ ግዙ።

ቀጥሎ ሞተሩ። ተራው የ540 ሞተር 27 ተርን ይባላል፤ ቁጥሩ የሽቦውን ጥቅል ይነግራል። ተርኑ ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናል፤ የሚስበው ኤሌክትሪክም ይበዛል። የ1060 መመሪያ በ2 ሴል ሊፖ (የሊቲየም ባትሪ ዓይነት) ከ12 ተርን በታች አትውረዱ፣ በ3 ሴል ደግሞ ከ18 በታች አትውረዱ ይላል። ሞተራችሁ ላይ ጽሑፍ ከሌለና መኪናው ከሚገባው በላይ የሚሮጥ ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት ፈጣን ሞተር አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ካርቦኑ አልቆ ወይም ውስጡ በከሰል ብናኝ ተሞልቶ ከሆነም ያሞቃል።

ሦስተኛ፣ ሶኬቱ። ነጩ የታሚያ ሶኬት ለድሮ ባትሪ የተሠራ ነው። ጠርዙ ቡናማ ከሆነ ወይም ሲነኩት የሚፋጅ ከሆነ ኃይሉ እዚያው እየባከነ ነው። ሙሉ በሙሉ ኤክስቲ 60 ወይም ዲንስ በሚባለው ሶኬት ቀይሩት። መበየድ የማትችሉ ከሆነ የሞባይል ጥገና ቤት ሊበይድላችሁ ይችላል። ለወፍራም ሽቦ ግን የስልክ መበየጃ ሙቀቱ ላይበቃ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሚማር ወዳጅ ካላችሁም እሱን አማክሩ።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከሞቀ፣ ያኔ ኮንትሮለሩ አንሷል። ስትመርጡ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን አምፔር አትመኑ። 320 የሚል አይታችሁ ይሆናል፤ ያ ለቅጽበት ያህል የሚባል ቁጥር ነው። የሚጠቅማችሁ ሳያቋርጥ የሚችለው አምፔር ነው። ሞተር ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው (የሪሞቱ የፍጥነት መያዣ ሲሳብ ማለት ነው) ነፃ ሲሽከረከር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ስለዚህ ለተራ 540 በቂ ትርፍ ያለው ውሰዱ። አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። እዚህ ለምንነዳ ሰዎች ዳር ላይ ያለ ቁጥር አይበቃም ባይ ነኝ።

ነዳጅ ሲሰጡት መሪው ይንቀጠቀጣል ወይም መኪናው ጠፍቶ ይበራል

ኮንትሮለሩ ሞተሩን ብቻ አይደለም የሚመግበው። ውስጡ ቤክ የሚባል ክፍል አለ፤ ለሪሲቨሩ (የሪሞቱን ሞገድ ለሚቀበለው ሳጥን) እና ለመሪው ሰርቮ 5 ወይም 6 ቮልት ይሰጣል። በርካሾቹ ትናንሽ ኮንትሮለሮች ላይ ቤኩ ደካማ ነው። ሞተሩ በድንገት ሲስብ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይበራል።

ቴስተር አውጡ። ሪሲቨሩ ላይ ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ ቮልቱን እያያችሁ መሪውን ከዳር ዳር አዙሩ። በጣም የሚወርድ ከሆነ መሪውን ከጎማዎቹ ለዩትና ድገሙት። አሁን ካልወረደ ጥፋቱ የመሪው ዘንግ ላይ ነው፤ የሆነ ቦታ ይዞታል። አሁንም ከወረደ ሰርቮው ወይም ቤኩ ነው። አሮጌ ሰርቮ ውስጡ ሲያረጅ ብዙ ይስባል፤ በሌላ ሰርቮ ሞክሩ። ቤኩ ከሆነ ደግሞ ለብቻው የሚሸጥ ቤክ ማስገባት ይቻላል። ያኔ ከኮንትሮለሩ ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ቀዩን ሽቦ ነቅላችሁ በናስትሮ ጠቅልሉት። ሁለት ምንጭ በአንድ መስመር አይገናኝም። የድሮውን የአራት ድንጋይ ማቀፊያ ለሪሲቨሩ የምትጠቀሙ ከሆነም ሕጉ ይኸው ነው።

መንቀጥቀጡ የሚመጣው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ከሆነና ሪሞታችሁ የድሮው 27 ሜጋኸርዝ ከሆነ፣ የሞተሩ ብልጭታ ሞገዱን እየረበሸው ነው። ሞተሩ ላይ 104 የሚል ጽሑፍ ያላቸው ሦስት ትናንሽ ካፓሲተሮች መኖር አለባቸው፤ አንዱ በሁለቱ ጫፎች መካከል፣ ሁለቱ ከየጫፉ ወደ ብረቱ አካል። የአንቴናውን ሽቦ ከሞተር ሽቦዎቹ አርቁ። ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ መቀየር ከቻላችሁ ግን ይሄ ራስ ምታት በአብዛኛው ይቀራል።

ወደ ፊት ቀርፋፋ፣ ወደ ኋላ ፈጣን

ኮንትሮለሩ ወደ ፊት የሚለውንና እናንተ ወደ ፊት የምትሉትን አልተስማማችሁም። ብዙዎች መኪናው በተቃራኒ ሲሄድባቸው የሞተሩን ሁለት ሽቦ ብቻ ይገለብጣሉ። አቅጣጫው ይስተካከላል፣ ፍጥነቱ ግን አይስተካከልም፤ ኮንትሮለሩ አሁንም ወደ ኋላ እየሄደ ያለ ይመስለዋልና። መጀመሪያ ሪሞቱ ላይ የነዳጁን መገልበጫ ቀይሩ። ከዚያ ጎማው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረ የሞተር ሽቦዎቹን ገልብጡ። ሁልጊዜ ሪሞቱን ቀድማችሁ አብሩ፣ መያዣውን አትንኩ፣ ከዚያ መኪናውን። ስታጠፉ በተቃራኒው።

ሪቨርስ ሲያስገቡ ጭስ

ወዲያው ባትሪውን ንቀሉ። ሞተሩ ላይ ሾትኪ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ተበይዶ እንደሆነ እዩ። እሱ ወደ ፊት ብቻ ለሚሄዱ ኮንትሮለሮች የተሠራ ነው። ሪቨርስ ባለው ላይ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀጥታ ሾርት ይሆናል። ዳዮዱን አውጡ። ኮንትሮለሩ ከተረፈ ዕድለኛ ናችሁ። አሮጌ ሞተር ስትገዙ ከሁሉ በፊት ይሄንን ፈትሹ።

ባትሪው ሳያልቅ ይቆማል፣ ወይም ባትሪው አብጧል

ሁለቱም ከአንድ ቅንብር ይመጣሉ። ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪ ዓይነት መምረጫ አለ፤ በ1060 ላይ ትንሽ ጃምፐር (ተነቅሎ የሚዛወር መሰኪያ) ነው። ስድስት ሴል ያለውን 7.2 ቮልት የኒኬል ባትሪ እየተጠቀማችሁ ቅንብሩ ሊፖ ላይ ከሆነ ቶሎ ይቆርጣል። ሊፖ እየተጠቀማችሁ ኒኬል ላይ ከሆነ ደግሞ የከፋ ነው፤ ኃይሉ በጊዜ አይቆረጥም፣ ሴሉ ከ3 ቮልት በታች ይወርዳል፣ ያብጣል። ያበጠ ሊፖ አይሞላም፣ ቤት ውስጥም አይቀመጥም። አዲስ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው ንገሩት፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ወደ አውሮፕላኑ ጭነት በሚገባ ሻንጣ አይፈቀድም።

ከጭቃ በኋላ ሞቷል

በክረምት የባሕር ዳር ዋልካ ጭቃ ጎማው ላይ ተጣብቆ ሞተሩን ያንቃል። ውኃ አይገባውም የሚል ኮንትሮለር መግዛት ጥሩ ነው፤ ግን ያ ቃል ለውስጡ ሰርኪት ነው። ለሪሲቨሩ፣ ለሰርቮውና ለሞተሩ አይሠራም። ሪሲቨሩን ፊኛ ውስጥ ከታችሁ አፉን ከሽቦዎቹ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ። ከነዳችሁ በኋላ ባትሪውን አውጡ፣ ጭቃውን ሳይደርቅ በብሩሽ አንሱ፣ ሶኬቶቹን ገልጣችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ኩሽኔታዎቹን አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ስጧቸው። ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ከሆነ እስከ ማግስቱ ድረስ ኤሌክትሪክ አታገናኙት።