ለሩጫ መሬት ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሱሉልታ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ብርዱ፣ ጤዛው፣ ተከታትለው በአንድ መስመር የሚያልፉት አትሌቶች። ብዙዎቻችን እነሱን አይተን ነው «ሳር ላይ ከሮጥኩ ጉልበቴ ሰላም ይሆናል» የምንለው። እኔም እንደዛ ብዬ ነው የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ላይ ነው፤ ሳር ከሆነ ምንም አያደርግም ብሎ ማሰብ። ክረምት ላይ ከብቶች ጭቃውን ይረግጡታል። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ የኮቴው ጉድጓድ እንዳለ ይደርቃል። ጥልቀቱ የቡና ሲኒ ያህላል፣ ጠርዙ እንደ ሸክላ ደርቋል፣ ሳሩ ደግሞ ከላይ ሸፍኖታል። አንድ ኅዳር ላይ ግራ እግሬ እንደዚህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳሩን በእጄ ገለጥ ሳደርገው አምስት ስድስት ጉድጓድ ተደርድሮ አየሁ፣ ከላይ ግን ምንም አይታይም ነበር። ስድስት ሳምንት አልሮጥኩም። አሁን ሜዳው ላይ ስደርስ መጀመሪያ አንድ ዙር በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሰውነቴንም በዛው አሟሙቃለሁ። እናንተም እንደዛ አድርጉ። ገና ጨለማ ከሆነ ደግሞ የምታውቁት መንገድ ላይ ብቻ ሩጡ።

ሁለተኛው፣ አስፋልትን እንደ ጠላት ማየት። እግራችን መሬቱን ያነባል። ጠንካራ ላይ ጉልበት ትንሽ ጨምሮ ይታጠፋል፣ ለስላሳ ላይ ደግሞ እግር ራሱ ጠንከር ይላል፤ ስለዚህ ሰውነት ላይ የሚደርሰው ምት ልዩነቱ የምናስበውን ያህል አይደለም። የአስፋልት ችግር ሌላ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ያው ጅማትና ያው አጥንት ሺህ ጊዜ ይመታል። ጫካ ውስጥ ግን በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዛችሁ ስትሮጡ እርምጃው ይለያያል፣ ጫናውም ይከፋፈላል። ይሄ ማለት አስፋልትን ጨርሶ ተዉት ማለት አይደለም። ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚሮጠውም አስፋልት ላይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እንጦጦ ጫካ ብቻ ሮጦ ያን ቀን አስፋልት ላይ የሚወጣ ሰው በማግስቱ ባቱንና ቅልጥሙን ይዞ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በሳምንት አንዴ አስፋልት አይጎዳችሁም።

እግረ መንገዴን፣ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ሮምን በባዶ እግሩ አሸነፈ ብለው ጫማቸውን የሚያወልቁ አሉ። የአበበ እግር ለባዶ እግር ልምምድ አዲስ አልነበረም። ቢሮ ውስጥ የሚውል እግር ግን አዲስ ነው፣ እባካችሁ።

ኮብልስቶን ላይ ብዙ አልልም። በየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ የተነጠፈው ድንጋይ ወጣ ገባ ነው፣ ሰኔ ላይ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል። እስከ ዋናው መንገድ በእግራችሁ ሂዱ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የመንገዱን ጎን ነው። በሰንዳፋ መውጫ አስፋልቱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ውሃ እንዳይተኛበት መሀሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ በግራ ዳር ስትሮጡ ግራ እግራችሁ ሁልጊዜ ዝቅ ያለው ላይ ያርፋል። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከቀጠለ ዳሌና ጉልበት ያማል። መፍትሔው ግን ወደ ቀኝ መሻገር አይደለም፣ ለመኪና ጀርባ አይሰጥም። ከአስፋልቱ ዳር ደልዳላ የአፈር መንገድ ካለ እሱን ያዙ፣ ከሌለም ያንን መንገድ አታዘውትሩት።

እንጦጦ ላይ ደግሞ ዳገቱን የወጣ ሰው ቁልቁለቱን እንደ ሽልማት ያየዋል። ዳገቱ ልብና ሳንባን ነው የሚፈትነው፣ ጉልበትንና ጭንን የሚቀጣው መውረዱ ነው። እርምጃ አሳጥሩ፣ ካደከማችሁም በእግራችሁ ውረዱ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ የተነጠፈበት ቦታ ላይ ከሆነማ ጨርሶ አትሩጡ።

ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ላይ ተለጥፎ እግርን ያከብዳል። በሁለቱም ወቅት ቀዩን አፈር ምረጡ።

ከሁሉም የከፋው ግን በአንድ ቀን መቀየር ነው። ዓመቱን አስፋልት ላይ ሮጣችሁ ሰኞ ለት ሙሉ ልምምዱን ወደ ለስላሳ ሜዳ አታዙሩት፣ ተረከዝ ለስላሳ መሬት ውስጥ ስለሚሰምጥ የተረከዝ ጅማትና ባት ከለመዱት በላይ ይሠራሉ። በ10 ደቂቃ ጀምሩ፣ በየሳምንቱ ጨምሩ።

ቅልጥማችሁ ላይ በአንድ ጣት የምትጠቁሙት፣ ስትነኩት የሚያም ቦታ ካለ ሩጫውን አቁሙ። ወጌሻ ከማሸቱ በፊት ሐኪም ይየው፤ አጥንት ላይ ስንጥቅ ካለ ማሸት ያብሰዋል እንጂ አያድነውም።